የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ በኋላ

ከላሊበላ በስተሰሜን በላስታ ደጋ በምትገኘው በብልባላና በአካባቢዋ ሰው ሲሞት ጎረቤት እህል ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዲያድር አይተውም፤ ሰልስቱ፣ አርባውና ሰማንያው በተራ ይቆጠራል። ይህ ነባር ልማድ የትዳር ጓደኛቸውን ላጡ አረጋውያን ትልቅ መከታ መሆኑ አይካድም። ዋናው ችግር የሚጀምረው ግን ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 727,000 ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አደጋው ባል ወይም ሚስት ከሞተ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት እንደሚበረታ፣ በሽማግሌ ወንዶች ላይም እንደሚከፋ ያመለክታሉ።

የገጠሩ ኑሮ ሲመረመር ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ባልና ሚስት ሥራውን ተካፍለው የኖሩ በመሆናቸው አንዱ ሲጎድል የሌላው ኑሮ ይፈርሳል። እንጀራ ጋግረው የማያውቁ አባወራ ሚስታቸውን ሲቀብሩ ምድጃው ይጠፋል። ባላቸውን ያጡ እናት ደግሞ በሬ የሚጠምድላቸው ካላገኙ መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ፤ ምርቱንም ይካፈላሉ። ልጆች ወደ ከተማ ከሄዱ ሐዘኑ «ሸክም ሆንኩ» ወደሚል ሐሳብ ይለወጣል።

በዚህ ላይ ነገሩ እንደ ነውር ስለሚቆጠር ቤተሰብ ይደብቀዋል። ይሁን እንጂ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሰውን ስለዚህ ሐሳብ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ይቀሰቅሳል የሚለው እምነት ስሕተት መሆኑን የጤና ባለሙያዎች ያስረዳሉ።

መፍትሔውም በአብዛኛው በእጅ ያለ ነው። ቅሬው ወይም እድሩ ከቀብር በኋላ ሥራው አበቃ ሳይል እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ጠያቂ በተራ ሊመድብ ይችላል። የነፍስ አባትም ቤቱን ያውቃሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር እህል የተዉ፣ ከሰው የራቁ፣ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» የሚሉ አረጋውያንን ለይታ ወደ ጤና ጣቢያ ልትልክ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔትም መሥራት ለማይችሉ ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር ስላለው፣ ቀበሌው ብቻቸውን የቀሩትን በምልመላው ጊዜ ሊዘነጋቸው አይገባም።

የሞተውን በክብር መሸኘት የታወቀ ባህል ነው፤ የቀረውን በሕይወት ማቆየትም የዚያው ባህል ግዴታ ሊሆን ይገባል።