የሞተራችን ነዳጅ መለኪያ እስከ ምን ድረስ ይታመናል?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የምንለጥፈው የመዋጮ፣ የቀብርና የጉልበት ሥራ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ትንሽ መርፌ እንጽፋለን። መርፌዋ በማኅበራችን ሞተር ሳይክል ላይ ያለችው የቤንዚን ማሳያ ናት፤ ልጆቹ «ጌጅ» የሚሏት። ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት፤ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን አባላትን ለሁለት ከፍላ ያከራከረችው እሷው ናት።

ነገሩን ለማታውቁት እንዲህ ነው። ሞተሯ እዚህ ያልተገኘ የአንዲት ታማሚ እናት መድኃኒት ልታመጣ ባሕር ዳር ተላከች። ልጁ ሲመለስ ወረታ ላይ ጌጁን ቢያይ ሩብ ይላል። ማደያው ላይ ደግሞ ወረፋው እስከ አስፋልቱ ወጥቷል። «ሩብ ካለማ ያደርሰኛል» ብሎ አለፈ። ዳገቱ መካከል ላይ ሞተሯ ሁለት ሦስቴ ተንገጫግጫ ቆመች። ማታ ሊደርስ የሚገባው መድኃኒት በማግሥቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። እናታችን ተርፈዋል፤ ለዚህ ፈጣሪ ይመስገን። በስብሰባው ግን ግማሹ «ልጁ ይቀጣ» አለ፣ ግማሹ «ጌጁ ይቀየር» አለ፤ ጉዳዩም ሳይቋጭ አደረ።

እኛ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ያለን ሐሳብ ይህ ነው፤ ልጁን መቅጣት ሞተሯን አያስነሳትም፣ አዲስ ጌጅ መግዛትም ብቻውን አያድነንም። የሚያድነን ቆጥሮ መሄድ ነው። ምክንያታችንን እንዘርዝር።

በመጀመሪያ ጌጁ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። በሳልባትዮው ውስጥ ቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፍ ነገር አለች፤ በቀጭን ክንድ ታስራለች። ቤንዚኑ ሲወርድ እሷም ትወርዳለች፤ ክንዱ ሲንቀሳቀስ በኤሌክትሪኩ ሽቦ የሚያልፈው ኃይል ይለወጣል፤ መርፌዋም በዚያ ልክ ትዞራለች። እንግዲህ መርፌዋ የምትነግረን ተንሳፋፊዋ ያለችበትን ከፍታ እንጂ የቤንዚኑን ሊትር አይደለም። ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። የሞተር ሳልባትዮ እንደ ጣሳ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ከፍታ ግማሽ ሊትር ይሆን ነበር። ሳልባትዮው ግን እንደ ኮርቻ በብረቱ ላይ ተፈናጦ ግራና ቀኝ የተንጠለጠለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው። ስለዚህ መርፌዋ ከሙሉ ወደ ግማሽ ስትወርድ ቀስ ትላለች፤ ከግማሽ በታች ግን ትሮጣለች። ሩብ የምትለዋ ሩብ ላትሆን ትችላለች ማለት ነው። እህል በቁና ስንሰፍር አፉ ሰፍቶ ሥሩ የጠበበውን ቁና ግማሹን ሞልቶ «ግማሽ ቁና ነው» የሚለንን ነጋዴ ማን ያምነዋል? ጌጁም እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሞተሯ አፍንጫዋን ወደ ላይ ስታቀና ቤንዚኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ስትወርድ ወደ ፊት ይመጣል። ተንሳፋፊዋ በአንድ ቦታ ብቻ ስላለች አንዴ ብዙ አንዴ ጥቂት ትላለች። በጎን ማቆሚያዋ ዘንበል ብላ ስትቆምም እንዲሁ ናት። ቀጥ ባለ መሬት ላይ ቀጥ አድርጎ ያላቆመ ሰው ጌጁን አነበብኩ ሊል አይገባውም። ጋፋት ላይ ቀጥ ያለ መሬት የት እንዳለ ደግሞ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር መንገዳችን ራሱ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ 900 ሜትር ሽቅብ እንወጣለን ማለት ነው። ስንወርድ ሞተሯ መሬቱ እየገፋላት ትሄዳለች፣ ቤንዚን የምትጠጣው ለይምሰል ነው። ስንመለስ ግን ራሷንም፣ ነጂውንም፣ ጭነቱንም በማርሽ እየጎተተች ትወጣለች። በዚህም ላይ የአገራችን አየር ስስ ነው፤ በደብረ ታቦር ከፍታ ከባሕር ዳርቻ አገር ጋር ሲነጻጸር የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ካርቡሬተር ያላት ሞተር ይህን አታውቅም፤ ለቆላ የተለካላትን ቤንዚን ትቀዳለች፣ የምታቃጥልበት አየር ግን የላትም። ጉልበቷ ይደክማል፣ ቤንዚኑም ይባክናል፣ ካንዴላዋም ይጠቁራል። ወደ ክምር ድንጋይ በጉና ጎን ለሚወጣማ የባሰ ነው። ስለዚህ «ስሄድ ግማሹን ጨረስኩ፣ ግማሹ ይመልሰኛል» የሚለው ሒሳብ ለሜዳ አገር ሰው እንጂ ለኛ አይሆንም።

ይህ ለጋፋት ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ጋፋት ላይ በ1859 ዓ.ም. ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነስተው የደረሱት በዚያው ዓመት መጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ያህል መሆኑ ነው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ብረት ነበር፤ መንገዱን እየጠረጉ፣ ገደሉን እየወረዱ፣ እየወጡ ሄዱ። ይህን ያህል ጊዜ የፈጀው የመቅደላ ርቀት ብቻ አልነበረም፤ ዳገቱና ጭነቱ ነበር። መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምን አለ?

«ፋብሪካው ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎ ጽፏል» የሚሉ አባላትም አሉ። ለእነሱ የምንነግራቸው አገር ያወቀው ታሪክ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሦስት ሰዎች ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ የተቀዳው ነዳጅ ለናይሮቢ መንገድ እንጂ ለዚያ እንደማይበቃ ነገሯቸው። ጠላፊዎቹ ግን አውሮፕላኑ 11 ሰዓት መብረር ይችላል የሚል በመጽሔት አንብበው ስለነበር አላመኑም። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰው 125ቱ አለቀ። መጽሔቱ አልዋሸም፤ ሳልባትዮው ሙሉ ሲሆን የሚደረስበትን ነበር የጻፈው። ሊይዝ የሚችለውና የያዘው ለየቅል ነው። ይህን ያልለየ ሰው በአውሮፕላንም ሆነ በሞተር ያው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሪዘርቭ እንናገር። ካርቡሬተር ባላቸው ሞተሮች ከሳልባትዮው ሥር ሦስት ቦታ የሚዞር መዝጊያ አለ፤ ክፍት፣ ዝግ፣ ሪዘርቭ። በክፍት ላይ ሲሆን ቤንዚኑ የሚቀዳው ከወለሉ ከፍ ካለች ቧንቧ ነው፤ ከእሷ በታች የቀረው ለሪዘርቭ ይተርፋል። ሞተሯ ስትንገጫገጭ ወደ ሪዘርቭ ማዞር ነው። ይህ ከጌጁ ይልቅ የሚታመን ነገር ነው፤ አንድ ጠላት ግን አለው፤ እሱም መርሳት። አንዱ ሪዘርቭ ላይ አዙሮ ቤንዚን ከቀዳ በኋላ ሳይመልሰው ሲቀር፣ የሚቀጥለው ነጂ ያለ ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይጓዛል። የጋራ በሆነች ሞተር ላይ ይህ ሁሌም የሚያሰጋ ነው። ካርቡሬተር የሌላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ ይህ መዝጊያ የላቸውም፤ መብራት ብቻ ነው የሚበራላቸው። በእነሱ ላይ ቤንዚን አሟጦ መንዳት ሳልባትዮው ውስጥ ያለውን ፓምፕ ያግለዋል፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ራሱ ነውና።

ታዲያ ምን ይሻላል? በእኛ እምነት ከጌጁ የሚበልጠው ኪሎ ሜትር ቆጣሪውና አንድ ደብተር ነው። ሞተሯን ቀጥ አድርጎ አቁሞ መሙላት፤ የቆጣሪውን ቁጥር መጻፍ፤ ከተነዳች በኋላ እንደገና እዚያው ልክ ድረስ ሞልቶ ስንት ሊትር እንደገባ መጻፍ። ለምሳሌ 180 ኪሎ ሜትር ሄዳ 5 ሊትር ከገባባት፣ በ1 ሊትር 36 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። 10 ሊትር የምትይዝ ብትሆን ወረቀቱ 360 ይላል። እኛ ግን ሢሶውን ለዳገቱ፣ ለጭነቱና ለክፉ ቀን ትተን 240 ብቻ እንቁጠር። ደብተሩ ውስጥ ካሉት ልኮችም የምንይዘው ጥሩውን ሳይሆን መጥፎውን ይሁን። ቤንዚን የሚከፈለው በስልክ ከሆነበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የከፈልነው ገንዘብና ቀኑ በመልእክት ስለሚቀመጥ፣ ደብተሩን ማመሳከርም ቀላል ነው። ቆጣሪው የሚሠራው ገመዱ ካልተበጠሰ ነውና ጌጁን ከመቀየራችን በፊት የቆጣሪው ገመድ ይጠገን እንላለን።

«እኔ በድምፁ አውቃለሁ፣ ሳልባትዮውን ነቅነቅ አድርጌ እለያለሁ» የሚሉ ነባር ነጂዎች አሉን። ልምዳቸውን አንንቅም። ነገር ግን ልምዱ የእሳቸው ነው፤ ሞተሯ የሁላችን ናት። ነገ ሌላው ሲይዛት ጆሯቸውን አያውሱትም፤ ደብተሩ ግን ለሁሉም ይናገራል። «ሁልጊዜ ሞልቶ መሄድ ነው» ለሚሉትም፣ ማደያው ቤንዚን ያጣበትን ቀንና የማኅበሩን ካዝና ያስታውሱ። የሚቻለው ግማሽ ሳትደርስ ባገኙበት መቅዳት ነው።

ሳንጠቅስ የማናልፈው ሌላ አደጋ አለ። ጌጁን ማመን ስላቃታቸው ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ላስቲክ እየቀዱ ቤት የሚያስቀምጡ አሉ። ቤንዚን እንደ ላምባ አይደለም፤ በብርዱም ይተናል፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ተስቦ ምድጃ ድረስ ይሄዳል። ልጆች የሚተኙበት ቤት ውስጥ ቤንዚን ማሳደር ቤቱን ለእሳት አደራ መስጠት ነው። ማታ ሳልባትዮ ከፍቶ በክብሪት ወይም በላይተር የሚያይም እንዲሁ። ማየት ካስፈለገ ቀን በንጹሕና ደረቅ እንጨት መለካት ይቻላል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ መውረድም ይቅር፤ ሞተሩ የሚይዝላችሁ ጉልበት ቀርቶ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ለሚመጣው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ለሞተሯ ደብተር ይከፈት፤ የወሰደም የመለሰም የቆጣሪውን ቁጥርና የቀዳውን ሊትር ጽፎ ይፈርም።

2ኛ. የሪዘርቩ መዝጊያ ወደ ቦታው መመለሱን ተረካቢው አስረካቢው ፊት ይይ።

3ኛ. ወረታ ላይ ሒሳቡ ለዳገቱ የማይበቃ ከሆነ ወረፋው ረዘመ ተብሎ አይታለፍ። ተሰልፎ የዘገየ ልጅ ለምን ዘገየህ ተብሎ አይወቀስ። ይህን ዋስትና ካልሰጠነው ነገም ያልፋል።

4ኛ. ቅጣቱ ይቅር። ደብተር ሳንሰጠው መርፌ አምኖ የሄደን ልጅ መቅጣት ፍርድ አይሆንም። ደብተሩ ከተከፈተ በኋላ ሳይጽፍ የሚሄድ ግን ይጠየቅ።

5ኛ. ጌጁ ከተበላሸ ይጠገን፤ መርፌዋ ግን ማስታወሻ እንጂ መተማመኛ አትሁን።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። አንዳንዱ ሰው ሞተሯን ለገበያ ይፈልጋታል፣ አንዳንዱ ለሰርግ ጥሪ፤ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ያለችበት ቤት ግን ለነፍስ ነው የሚፈልጋት። ያ ቤት የማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ደብተሩ የሁላችንም ጉዳይ ነውና በስብሰባው ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን እንድትሰጡ በትሕትና እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ ጋፋት