ከሽሮው ጎን ጎመንም ይቅረብ

ሳሪስ ላይ አመሻሽ ሲሆን እርጥብ ሻጮችን የሚከበው በአብዛኛው ወጣት ነው። ዳቦው ይሰነጠቃል፣ ድንች ይገባበታል፣ ዳጣ ይቀባል፣ ተጠቅልሎ ይሰጣል። ይጣፍጣል፤ ሆድም ይይዛል። የሚያሳስበው ከጠዋት ጀምሮ በአፉ ሌላ እህል ላልዞረ ተማሪ ነው። ቁርስ ዘሎ፣ ምሳ አሳልፎ ጨጓራውን የሚያሻሽ ተማሪ በየግቢው አለ።

ከሳሪስ ወደ ደቡብ፣ ቂሊንጦ ላይ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። እንደ እሱ ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የግቢውን ምግብ የሚበላው ተማሪ «ካፌ»፣ የምግቡን ገንዘብ ተቀብሎ ውጭ የሚመገበው ደግሞ «ነን ካፌ» ይባላል። ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው 22 ብር ነበር፤ ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ማዕድ ከሰባት ብር ብዙም አይዘልም። በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ማደጉ ተገቢ ነው። ዘገየ እንጂ አልበዛም።

ጭማሪው ግን ሳህኑ ላይ መታየት አለበት።

በአውስትራሊያ ፕሮፌሰር ፌሊስ ጃካ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 67 የድብርት ሕሙማንን ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። በባለሙያ እየታገዙ አመጋገባቸውን ካሻሻሉት 32 በመቶው ሲያገግሙ፣ የሚያጫውታቸው ሰው ብቻ ከተመደበላቸው ያገገሙት 8 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ምግብ ሐኪምን ይተካል ማለትም አይደለም። ቢሆንም በፈተና ሰሞን እንቅልፍና ምግብ አጥቶ ለሚጨነቅ ተማሪ ትርጉም አለው። ታካሚዎቹ እንዲበሉ ከተመከሩት መካከል አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል ይገኙበታል። እኛ ጤፍ፣ ምስርና ሽሮ አላጣንም፤ የጎደለን አትክልትና ፍራፍሬው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይመክራል። ሽሮና ፓስታ በሚፈራረቁበት ማዕድ ግን ይህ ከየት ይመጣል?

ሻይም አለ። ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። በተለይ ሴት ተማሪዎች ከበሉ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ቢጠጡ ይጠቀማሉ፤ ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

አገሪቱ በ2014 ዓ.ም. ያወጣችው የአመጋገብ መመሪያ አለ። የተማሪ ተወካዮችና የመመገቢያ አዳራሽ ኃላፊዎች እሱን ይዘው የሳምንቱን የምግብ ዝርዝር አብረው ይከልሱ። በሳምንት ሦስት ቀን ጎመን፣ ሁለት ቀን ሙዝ ወይም ብርቱካን በማስገባት ይጀምሩ፤ ዝርዝሩንም ተማሪው በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።