የመስኖ ዕቅዱ የከተማውን ጓዳ ይወቅ

በግንቦት ልደታ ዕለት በአዲስ አበባ ልደታ ማርያም አካባቢ ጎረቤት ተጠራርቶ ደጅ ላይ ንፍሮ ይቀቅላል። ስንዴው ከማን ቤት፣ ባቄላው ከማን ቤት፣ ሽምብራው ከማን ቤት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነጋገራሉ። በላተኛው ይታወቃል፤ የሚቀቀለውም በዚያው ልክ ነው። የተረፈ ካለ ልጆች በኪሳቸው ይዘውት ይሄዳሉ እንጂ አይጣልም።

ያችው እናት እሁድ ገበያ ስትወጣ ግን ልኩ ይጠፋል። ቲማቲም ረክሶ ስታይ 5 ኪሎ ታስመዝናለች። ኪሎው 40 ብር ቢሆን 200 ብር ከፈለች ማለት ነው። በፌስታል ታፍኖ የተቀመጠው ቲማቲም እስከ ሐሙስ ድረስ ውኃ ያወጣል፤ 2 ኪሎው ይጣላል። ቤተሰቡ የበላው 3 ኪሎ በመሆኑ የአንዱ ኪሎ እውነተኛ ዋጋ 66 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። ከሰፈሯ ጉሊት በ50 ብር ሒሳብ 3 ኪሎ ብትገዛ 150 ብር ብቻ ታወጣ ነበር። ርካሽ ገዛሁ ያለችው እናት 50 ብር ከስራ ገባች።

ጉዳዩ የልደታ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1 ነጥብ 05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በመደብሮች እንደባከነ ያሳያል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በመኖሪያ ቤት ነው።

ይህ በግብርና ገጽ ላይ ምን ይሠራል የሚል የወረዳ ኃላፊ አይጠፋም። ሸማቿ ጣለችውም በላችውም አርሶ አደሩ ገንዘቡን ተቀብሏል፣ የቀረው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው ይላል። አባባሉ ትክክል የሚሆነው የሸማቿ ቦርሳ ማለቂያ ከሌለው ነው። የደመወዝተኛ ቤት የቀለብ ገንዘብ ግን የተወሰነ ነው። ቆሻሻ ውስጥ የገባው 80 ብር ምስር፣ እንቁላል ወይም ጎመን ሊገዛበት የሚችል ብር ነበር፤ ምስሩንና እንቁላሉንም የሚያቀርበው ያው አርሶ አደር ነው። በዚያ ላይ እሁድ የረከሰው ቲማቲም ብዙውን ጊዜ ማሳው ላይም የረከሰ ነው። አምራቹ ለልፋቱ አላገኘም፣ ሸማቿም አልበላችውም።

በእርግጥ የከተማው ሰው ልማዱን ሊያስተካክል ይገባል። ጤፉ፣ ሽሮውና ዘይቱ ደመወዝ በወጣ ሰሞን ለወሩ ይገዛ፤ አትክልቱ ግን ለሳምንት ይሁን። ዘንቢል ከመነሣቱ በፊት ጓዳው ይታይ፤ በሳምንቱ ስንት የጾም ቀን እንዳለ፣ ስንት ሰው ቤት እንደሚበላ ይቆጠር። ቲማቲሙ ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ጠንከር ያለ ይሁን። ሽንኩርት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ድንችም ከብርሃን ይራቅ። በዚህ ረገድ እንጀራን ሳይሻግት ድርቆሽ ያደረጉት የድሮ እናቶች ብዙ ምክር አያስፈልጋቸውም ነበር።

ይሁን እንጂ ሸማቿን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ዛሬ 5 ኪሎ የምትገዛው በሚቀጥለው ሳምንት ዋጋው ምን እንደሚሆን ስለማታውቅ ነው። በ2016 ዓ.ም መጀመሪያ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ከ100 ብር ማለፉን ያልረሳ ሰው፣ ርካሽ ባገኘ ጊዜ ቢያግበሰብስ አይፈረድበትም። ዋጋውን እንዲህ ከሚያዋዥቁት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ማሳው ላይ ነው። ዘንድሮ ሽንኩርት ከተወደደ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል፤ በአንድ ሳምንትም ያወጣል። ገበያው ሲጥለቀለቅ ቲማቲም ለከብት ይተዋል፣ ሽንኩርትም የመኪና ኪራይ አይሸፍንም። የከሰረው አርሶ አደር በቀጣዩ ዓመት ይተወዋል፤ ዋጋውም ተመልሶ ይሰቀላል።

የሸማቿ ፍላጎት ግን የማይታወቅ ነገር አይደለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ መቼ እንደሚገባም ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ከዓመታት በፊት ይናገራል። በጾም የሽንኩርት፣ የቲማቲም፣ የድንችና የጥቅል ጎመን ፍላጎት እንደሚጨምር፣ እንቁላልና ቅቤ እንደሚቀዘቅዝ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ቦምቤ ሬድ የተባለው የሽንኩርት ዝርያ መደብ ላይ አንድ ወር ተኩል ያህል፣ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ እስከ 110 ቀን ገደማ ይወስዳል። ወደ ኋላ ሲቆጠር፣ በየካቲት አጋማሽ ለሚወጣ ሽንኩርት ዘሩ በመስከረም መደብ ላይ መዋል አለበት። የፎገራም ሆነ የምንጃር አርሶ አደር ይህን ስሌት ከማንም በላይ ያውቀዋል። የጎደለው ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚዘራ የሚያስማማ አካል ነው።

ይህ ሥራ የወረዳው ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ውኃን በተራ እንደሚያከፋፍል ሁሉ የዘር ጊዜንም በተራ ሊያከፋፍል ይችላል፤ አንዱ ቡድን በመስከረም መጀመሪያ፣ ሌላው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው በጥቅምት። አሁን ግን ከወረዳ ወደ ዞን የሚወጣው ሪፖርት ይህን ያህል ሄክታር በመስኖ ለማ፣ ይህን ያህል ኩንታል ተሰበሰበ ይልና ያቆማል። ከኩንታሉ ስንቱ ለሰው አፍ እንደደረሰ የሚጠየቅ የለም።

የጥራቱም ነገር አለ። ዋጋ ሳይወርድ ልድረስ ተብሎ ቅጠሉ ሳይተኛ የተነቀለ፣ ክብደት እንዲያነሣ በዋዜማው ውኃ የጠጣ ሽንኩርት፣ ጆንያ ውስጥ ላብ አውጥቶ ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ይደርሳል። ከዚያ ልደታ ጓዳ ገብቶ በሳምንቱ ከመሐሉ ይበሰብሳል። ሸማቿ ማን እንዳመረተው ባታውቅም አካባቢውን ታስታውሳለች፤ በሚቀጥለው እሁድ የዚያን አገር ሽንኩርት ታልፈዋለች። ከመንቀል ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ውኃ ማቆምና ከነቀሉ በኋላ ጥላ ሥር ማድረቅ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች አዲስ ትምህርት አይደለም። ቲማቲምም ከእንጨት ሣጥን ይልቅ በፕላስቲክ ሣጥን ቢጓዝ ጉዳቱ ይቀንሳል።

ወደ እሁድ ገበያ ምርት የሚልኩ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ለወረዳው ዓይን ሊሆኑ ይችላሉ። ሻጫቸው ግማሽ ኪሎ ለጠየቀች እናት ፊቱን አይቋጥርባት። ማታ ገበያው ሲበተን ደግሞ ያልተሸጠውንና የተጣለውን ለይቶ ይመዝን፤ ቁጥሩም ሰኞ ጠዋት ለወረዳው ባለሙያና ተረኛ ለሆነው የመስኖ ቡድን ይደወልለት።