የሕፃኑ ገንፎ ከሽሮው ክክ ይድረሰው

በአማራ ክልል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከጡት ቀጥሎ የሚቀምሰው ብዙውን ጊዜ የገብስ ወይም የስንዴ ገንፎ ነው፤ በቆላው ደግሞ የማሽላ። እህል ጉልበት ይሰጣል፤ ሰውነት የሚገነባበት ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ግን ያንሰዋል። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር በላይሲን የበለጸጉ ናቸው፤ የሚጎድላቸውን ሌላ የፕሮቲን ክፍል፣ ሜታዮኒንን፣ ደግሞ እህሉ ይሞላላቸዋል። ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ እህልንና ጥራጥሬን ቀላቅሎ የተዘጋጀው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በወቅቱ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥራጥሬ በሚመረትበት አገር ነው። ባቄላው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ በርበሬና ቅመም ገብቶበት ሽሮ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የአዋቂ ምግብ ነው። በሁዳዴ 55 ቀናትም፣ ሕፃን ባይጾምም፣ ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉና ቅቤው ከገንፎው ይቀራል። ሰውነት ከሚገነባው ምግብ በጾምም በፍስክም የማይለየው ጥራጥሬ ነው።

ስለዚህ ሽሮ የምታዘጋጅ እናት ሁሉ ቅመም ከመግባቱ በፊት ከተቆላው ክክ ለልጇ ትቀንስ። ልኩ ለሦስት ጣሳ ገብስ ወይም ስንዴ አንድ ጣሳ ክክ ነው። ጥራጥሬው አስቀድሞ ተዘፍዝፎ፣ ደርቆና ገለባው ወጥቶ ቢቆላ ለሕፃን ሆድ ይቀላል። የሻገተው ተለቅሞ ይጣል። ገንፎው የጥሬ ሽታው እስኪጠፋ በደንብ ይብሰል። ጓያ ግን ፈጽሞ አይግባበት፤ ረኀብ በጠናባቸው ዓመታት በደንቢያና በፎገራ የብዙ ሰው እግር ሽባ ያደረገ ጥራጥሬ ነው።

ገንፎ ሲወፍር ሕፃኑ አይውጠውም፤ በውኃ ሲቀጥን ደግሞ ሆዱን እንጂ ሰውነቱን አይሞላም። ለዚህ መፍትሔው ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅል ነው። በስሎ ለብ ባለው ገንፎ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የገብስ ብቅል ዱቄት ቢነሰነስ ውኃ ሳይጨመር ይቀጥናል፤ ከዚያ እንደገና ይፍላ። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

አባቶች ባቄላና ሽምብራ ወደ ገበያ ሲጭኑ የልጁን ድርሻ አስቀድመው ያስቀሩ። ጥቂት ጣሳ ብቻ ይዞ ወፍጮ ቤት መውጣት ስለሚያዳግት ጎረቤታሞች አዋጥተው በአንድ ቀን ያስፈጩ፤ ባለወፍጮዎችም በርበሬ የተፈጨበትን ወፍጮ ሳያጸዱ የሕፃን ዱቄት አይፍጩ። ሴፍቲኔት የተባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. በተጀመረባቸው በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ምጥኑን በቃል ከመናገር አልፈው በየጎጡ አብስለው ያሳዩ፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ያስቀምሱ። የተፈጨው ዱቄት እንዳይበላሽ በጥቂት በጥቂቱ ተዘጋጅቶ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ።