የሞተር ክዳንና የክሮም ነገር

ያረጀ ሞተር ብስክሌቱን በወረታ ጎዳና ሊያሳምር የሚሻ ሰው የሞተሩን ክዳን ክሮም ለማስለበጥ ቢነሣ ምኞቱ አያስነቅፍም። ነገር ግን ሁለት ጉዳዮችን አስቀድሞ ያስብ።

አንደኛው አነቃቀሉ ነው። ዘይቱ በዕቃ ይቀዳ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው የተለያየ ስለሆነ የክዳኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሥሎ እያንዳንዱን በየቦታው መሰካት ይበጃል፤ ረጅሙ በአጭሩ ስፍራ የገባ እንደሆነ የሞተሩን ቤት ሊሰነጥቅ ይችላል። ክዳኑ እንቢ ሲል በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጎ መምታት እንጂ በካቻቢቴ መፈልቀቅ አይገባም፤ አፉ ከተጫረ ዘይት ያዣል፤ በዘይቱም ላይ የፎገራ ጭቃ ይለጠፍበታል።

ሁለተኛው መለበጡ ነው። ክዳኑ አሉሚኒየም ከሆነ ክሮም በቀጥታ አይይዘውም፤ አስቀድሞ እንደ ዚንክ፣ መዳብና ኒኬል ያሉት በየተራ ከሥሩ ይነጠፋሉ። ከላይ የሚያበራው ክሮም ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ነው። ለዚህች ስስ ልባስ የሚያገለግለው የክሮም አሲድ ግን ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከመስከረም 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሠራበት ከልክሏል።

እንግዲህ ባልዲና ባትሪ ይዞ በጓሮው ሊለብጥ የሚያስብ ቢኖር ዝቃጩን ወዴት ሊደፋው ነው? ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ፤ ሩዙም ዓሣውም የዚያው ውሃ ነው። ዝቃጩን በሚገባ የሚያጣራ ሠሪ ካልተገኘ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሶ በመወልወያ ቅባት የተወለወለ አሉሚኒየም ይበቃል። ሲደበዝዝም ባለቤቱ ራሱ ደግሞ ይወለውለዋል።