የመኪናው ምስጢር ከባለቤቱ እንዳይሰወር

ማናቸውም ሰው በገንዘቡ የገዛው ዕቃ ሲበላሽ የማደስ፤ ማደሱን ባይችል እንኳ ጉድለቱን የማወቅ መብት አለው። በሬው የታመመበት ገበሬ አፉን ከፍቶ፣ ሰኰናውን አንሥቶ ያያል እንጂ የሸጠለትን ሰው ፈቃድ አይጠይቅም። በዛሬው ዘመን ግን በአውቶሞቢልና በእርሻ መኪና ላይ ይህ የቈየ ልማድ እየተለወጠ ሄዷል። የመኪናው ሕመም በውስጡ ባለው ኮምፒዩተር ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ መዝገቡ በምስጢር ጽሕፈት ይዘጋል፤ መክፈቻው ደግሞ በፋብሪካው እጅ ይቀራል። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድሩና ሰፊ እርሻ የሚያሳርሱ ሰዎች ሁሉ ነገሩን አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

የነገሩ መነሻ በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ብዙ ሰዎች መኪናቸውን ወደ ጋራዥ ሳይወስዱ በየቤታቸው ደጃፍ ራሳቸው ይጠግናሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ ከመሪው በታች አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖረው በሕግ ታዘዘ። አውሮፓም በ2001 ለቤንዚን፣ በ2004 ለናፍጣ መኪኖች ተመሳሳይ ሕግ አጸናች። ሕጉ የወጣው የመኪና ጢስ አየሩን እንዳያበላሽ ለመቈጣጠር ነበር፤ ነገር ግን ለባለቤቱ ያልታሰበ ታላቅ ጥቅም አመጣለት። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መሰኪያና በራሱ ቋንቋ ይሠራ የነበረው፣ ከሕጉ በኋላ ስለ ሞተሩ ጉድለት ሁሉም በአንድ ቋንቋ መናገር ግድ ሆነበት።

በዚህ መሰኪያ ላይ መመርመሪያ ሲገባ የጉድለቱ ቍጥር ይነበባል። ለምሳሌ ፒ 0301 የተባለው ቍጥር በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በሚገባ አለመቀጣጠሉን ያስታውቃል። ብልህ ሠራተኛ ይህን ሲያይ አዲስ ዕቃ ለመግዛት አይሮጥም፤ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሁለተኛው ጋር አለዋውጦ ሞተሩን ያስነሣል። ቍጥሩ 0302 ሆኖ ቢመለስ በሽታው ከኮይሉ ጋር ስለ ተዛወረ ጥፋቱ የኮይሉ መሆኑ ታወቀ፤ ባይዛወር ካንዴላውንና ሌላውን ክፍል በተራ ይመረምራል። እንደዚሁም ፒ 0420 ሲነበብ ብዙዎች በጢስ መውጫው ላይ ያለውን ውድ ማጣሪያ ለመለወጥ ይቸኩላሉ፤ ነገር ግን ጥፋቱ የኦክስጅን መለኪያው ወይም የተሸነቈረ ቱቦ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው የበሽታውን ምልክት ይናገራል፤ ምክንያቱን መርምሮ ማግኘት ግን የሠራተኛው ፈንታ ነው። ቍጥሩን መሰረዝም ሕመሙን መሸሸግ ነው እንጂ መፈወስ አይደለም።

መሣሪያዎቹ በሦስት ደረጃ ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ መሰኪያ ሲሆን በጥቂት አሥር ዶላር ይገኛል፤ የሞተሩን ቍጥር ያነባል፤ ከዚህ አልፎ ብዙ አይሠራም። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ ስካነር ነው፤ ይህ ከፍሬኑ፣ ከማርሹና ከኤር ባጉ ኮምፒዩተር ጋር ይነጋገራል፤ የነዳጁ ፓምፕ ወይም ማቀዝቀዣው እንዲሠራ አዝዞ ይፈትናል። ሦስተኛው የፋብሪካው የራሱ ፕሮግራም ነው፤ ኪራዩ በቀን ወይም በዓመት ይከፈላል፤ አዲስ የተተካ ኮምፒዩተርን ለማስለመድ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ መሣሪያ ስለሌለ ገዥው ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት የመኪናውን ፋብሪካ፣ የተሠራበትን ዓመትና ሊሠራ የሚያስበውን ሥራ ለይቶ ማወቅ አለበት።

የመኪናው ዓመት እጅግ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2015 ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት መርማሪዎች በመንገድ ላይ የምትሄድን ጂፕ በስልክ መሥመር ከሩቅ ገብተው ሊያዝዟት እንደሚችሉ አሳዩ። በዚህም ምክንያት ፋብሪካው 1.4 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለእርማት ጠራ። ከ2018 ሞዴል ጀምሮ የዚሁ የክራይስለር ቡድን መኪኖች በመሰኪያውና በኮምፒዩተሮቹ መካከል እንደ በረኛ የሚቆም መሣሪያ ተደረገባቸው። በረኛው ያልተመዘገበ መመርመሪያ ቍጥሩን ቢያነብ ይተወዋል፤ ቍጥሩን ሊሰርዝ ወይም አንዱን ክፍል ሊያዝ ሲሞክር ግን ይከለክለዋል። ሌሎችም ፋብሪካዎች የየራሳቸውን መቈለፊያ አደረጉ። በአውሮፓ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ማናቸውም አዲስ መኪና ከኮምፒዩተር ሌቦች የሚጠበቅበት ሥርዓት ሳይኖረው እንዳይሸጥ ተደንግጓል።

መቈለፉ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ፍሬንን የሚያዝ ኮምፒዩተር ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት ሆኖ ቢተው የሰው ሕይወት ይጠፋል። ነቀፋው ቤት ሠርቶ፣ ጥሩ ቍልፍ አድርጎ፣ መክፈቻውን ለባለቤቱ ሳያስረክብ በሚሄድ አናጢ ላይ ነው። ፋብሪካዎቹ የሚሰጡት ምክንያት መኪናው ለማንም ቢከፈት ያልተማረ ሰው ፍሬኑንና የጢሱን መቈጣጠሪያ ያበላሻል የሚል ነው። ይህ ሥጋት እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚጠግነውን ሰው መመዝገብ፣ ማስተማርና ላጠፋው ጥፋት ተጠያቂ ማድረግ ነው እንጂ ጥገናውን ሁሉ ለአንድ ወገን መስጠት አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ተብሏል፤ ታማሚው መናገር እየፈለገ አፉን የሚይዘው ሌላ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ የበለጠ ነው።

ይህ ክርክር ከአውቶሞቢል አልፎ ወደ እርሻ ገብቷል። በ2015 የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት ባለቤቶች ለጥገና ሲሉ የመኪናቸውንና የትራክተራቸውን መቈለፊያ ቢያልፉ እንዳይከሰሱ ፈቀደ። በጥር 2023 የአሜሪካ የገበሬዎች ማኅበርና ጆን ዲር የተባለው ኩባንያ ስለ ጥገና መሣሪያዎች የስምምነት ጽሑፍ ተፈራረሙ። ኮሎራዶ የተባለው ግዛት ለገበሬው የጥገና መብት የሚሰጥ ሕግ አውጥቶ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለው። በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከሁለት ግዛቶች ጋር ሆኖ ይህንኑ ኩባንያ የትራክተር ጥገናን ያለ አግባብ ለራሱ ነጋዴዎች አድርጓል ሲል ከሰሰው፤ ኩባንያው ግን ክሱን ተቃወመ። ገበሬዎቹን ለዚህ ሁሉ ያነሣሣቸው ጊዜ ነው። የቤት መኪና ቢቆም ባለቤቱ በእግሩ ይሄዳል፤ የመከር መኪና ቢቆም ግን እህሉ አይጠብቅም።

የኢትዮጵያ እርሻም ከዚህ ነገር የራቀ አይደለም። በአርሲና በባሌ ስንዴው በኮምባይነር ይታጨዳል፤ በመከር ወራት ያለ ጊዜው ዝናብ ሲመጣ የአንድ ቀን መዘግየት የዓመት ድካምን ያበላሻል። በዚህ ጊዜ መኪናው በአንዲት መለኪያ ጉድለት ቢቆምና መመርመሪያው በመቈለፊያ ቢከለከል፣ ባለ እጁ አጠገቡ ቆሞ ሳለ እህሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። በአሜሪካ ያለ ገበሬ ነጋዴው ሩቅ ነው ብሎ ያማርራል፤ በዚህ ግን መክፈቻው በባሕር ማዶ ከተመዘገበ ሰውና ከኢንተርኔት መሥመር ጋር የታሰረ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ናቸው። ከላይ የተነገረው የመሰኪያ ሕግ ከጢስ ቍጥጥር የተወለደ ስለ ሆነ፣ ጢስ የሌለው መኪና ስለ ባትሪው ጤንነት የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካው በራሱ ቋንቋ ነው።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ መኪና ከመገዛቱ በፊት የሚከተለው ቢደረግ ይበጃል።

አንደኛ፤ ሻጩ መመርመሪያውን፣ የጉድለት ቍጥሮቹን መጽሐፍና የመክፈቻውን ፈቃድ ከመኪናው ጋር እንዲያስረክብ በውሉ ላይ ይጻፍ። ከገንዘቡ ክፍያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ልመና ነው።

ሁለተኛ፤ የሚገዛው መመርመሪያ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በዚያው መኪና ላይ ተሰክቶ ይፈተን፤ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መሰረዝና ማዘዝ መቻሉም ይታይ።

ሦስተኛ፤ ለአንድ ገበሬ የሚከብደው ዋጋ በማኅበር ለተሰበሰቡት ስለሚቀል፣ በየወረዳው አንድ ጥሩ መሣሪያና እሱን የሚያውቅ አንድ የተማረ ሠራተኛ ይኑር።

አራተኛ፤ ርካሽ የስልክ መሰኪያ ሥራው ካለቀ በኋላ ከመኪናው ይነቀል፤ ተሰክቶ ቢያድር ባትሪ ይጨርሳል፤ ያለ ምስጢር ቍጥር የሚገናኝ ከሆነም ለሌባ በር ይከፍታል።

የአገር አስተዳዳሪዎችና የእርሻ ባለቤቶች ብዙ ገንዘብ አውጥተው መኪና ሲያስመጡ የፈረሱን ጉልበት፣ የጎማውን ስፋትና የዋጋውን ልክ በጥንቃቄ ይጠይቃሉ። ከእንግዲህ ወዲህ አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ለአገሩም ለገበሬውም ትልቅ ጥቅም ይሆናል፤ ይኸውም ይህ መኪና በታመመ ጊዜ ሕመሙን የሚነግረው ለማን ነው የሚል ነው። መልሱ ለባለቤቱ ካልሆነ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ግዢው ውድ መሆኑን ይወቁት።