ወፍጮ ቤት የተለጠፈው ወረቀት

የዛሬው ንባባችን ከወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

በገበያ ቀን የየጁቤ ወፍጮ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ጆንያው ተደርድሯል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰው ከሰው አይሰማማም። እንዲህ ባለ ቀን በአንድ ወፍጮ ቤት የአንዲት እናት ነጠላ በቺንጋ ተያዘ። ደግነቱ ነጠላው ተቀደደና እሳቸው ተረፉ። የማን ወፍጮ እንደሆነ አንናገርም።

ግድግዳው ላይ ግን ወረቀት ነበር። «ለአደጋ አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረግ» ይላል። ተማሪዎቻችን ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅመው አነበቡት። አንድ አባት ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ማንበቡንስ አነበብነው፤ ምን አድርጉ ነው የሚለን?» አሉን። መልስ አጣን። ማን ይጠንቀቅ? ከምን? መቼ? «ይደረግ» የሚለው ቃል አድራጊውን ይደብቃል።

ስለዚህ ከወፍጮ ሠራተኛው ጋር ቁጭ ብለን አዲስ ወረቀት ጻፍን። መጀመሪያ የጻፍነው እንዲህ ነበር፦ «ቺንጋ ሲወልቅ በእጅህ መልሰው፤ ነገር ግን አስቀድመህ ሞተሩን አጥፋ።» ሠራተኛው ሳቀብን። «ኋለኛውን እስካነብ እጄ አልቆ የለም እንዴ!» አለ። እውነቱን ነው። ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስተማረንም። አስተካክለን ጻፍነው፦

ቺንጋ ሲወልቅ
1. ሞተሩን አጥፋ።
2. መዘውሩ ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቅ።
3. ቺንጋውን መልስ።
4. ሰው አጠገብህ አለመኖሩን እይ።
5. «ላስነሳ ነው!» ብለህ ጩኽ። ከዚያ አስነሳ።

ሠራተኛው ግን፣ «አሥር ዓመት የሠራሁትን ሥራ ከወረቀት ላነብ ነው?» ብሎ ትንሽ ቅር አለው። አልፈረድንበትም። ነገር ግን ስሕተት ሥራ የማያውቅ ሰው ብቻ አይደለም የሚሠራው። በጥቅምት 1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አገራችንን ከወረረ ወር ሳይሞላው፣ በአሜሪካ አንድ አዲስ የቦይንግ አውሮፕላን ለሙከራ ተነሣ። አራት ሞተር ያለው ትልቅ አውሮፕላን ነው። አብራሪው ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር። መሬት ላይ ሲቆም የጭራውን መሪ ነፋስ እንዳያንገላታው የሚይዝ ቁልፍ አለ። እሱን ሳይፈቱ ተነሡ። አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ጓደኞቹ ከመነሣታቸው በፊት የሚያዩትን ሁሉ በአጭር ወረቀት ላይ ጻፉ። ዛሬም አብራሪዎች እንዲህ ያለ ዝርዝር ሳያዩ አይነሡም። ይህን ስንነግረው ሠራተኛው ሚስማርና መዶሻ ራሱ አመጣ።

አሮጌው ወረቀት የተለጠፈው ከበሩ ጀርባ ነበር፤ በሩ ሲከፈት አይታይም። አዲሱ ከሞተሩ ማስነሻ በላይ ነው፣ ፊደሉም ጣት ያህላል። ወፍጮ ነክቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እያነበበ ሠራው። ሁለተኛው ላይ ቆመና፣ «መዘውር የቱ ነው?» አለ። በቀይ ቀለም ሥዕሉን ጨመርንበት።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ እህል ለማስፈጨት የሚመጡ እናቶች ነጠላቸውን ምን ያድርጉ? የትስ ይቁሙ? እናንተው በሁለት መስመር ጻፉና ይዛችሁ ኑ።